ፍንጭት የሌለው መገንጠያ

እኔ ሰውን የማውቀው በጥርሱ ነው። ስሙን እረሳለሁ፣ መልኩን አምታታለሁ፣ አንዴ ያየሁትን ጥርስ ግን ገበያ መሃል እንኳን አልስተውም። ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሙ ከፊት ባለው ክፍል ከሰው ጋር ይነጋገራል፤ እኔ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ከጀሶና ከሰም ጋር እነጋገራለሁ። ዶክተር አይደለሁም። ይህን የምለው የእጮኛዬ አክስት እስከ ዛሬ «ዶክተር» ስለሚሉኝ ነው። አይደለሁም ብዬ ብነግራቸው፣ ብነግራቸው፣ «ትሕትናው!» እያሉ ለጎረቤት ያወሩልኛል። ስለዚህ ተውኩት።

በእኔ ሥራ ክፍተት ጠላት ነው። በጥርስና በጥርስ መሃል፣ በጥርስና በድድ መሃል፣ ፀጉር የሚያስገባ ቦታ ከተገኘ ሥራው ተመላሽ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ክፍተት ስደፍን ኖሬ በመጨረሻ የተያዝኩት ግን በአንዲት ክፍተት ነው። መኪና መንዳት ልማር ስሄድ የደረሰችኝ አስተማሪ፣ መኪናዋን ወደ ኋላ ነድቼ አበባ መደብ ላይ ስሰቅላት፣ ልክ ልኬን ትነግረኛለች ብዬ አንገቴን ስቀብር፣ ሳቀች። በፊት ጥርሶቿ መሃል ፍንጭት አለ። እንዲህ ያለ ፍንጭት ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ በአንድ ጠዋት ደፍኜ እመልሰው ነበር። እዚያ መኪና ውስጥ ግን ማርሽ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍንጭቷ እላታለሁ፤ እሷም «አቤት» ትላለች።

«ላግባሽ» ያልኳት መንጃ ፈቃዴን ባገኘሁ ሳምንት ነው። አስቀድሜ ብጠይቃት ለፈተናው ብዬ ይመስልብኝ ነበር።

«በእኔ በኩል እሺ» አለችኝ። «አባዬም እሺ ካለ ጨርሰናል።»

«ይላሉ እንጂ! ምን ይወጣልኛል?»

«በአፉ ነው የምልህ። አባዬ እኮ አያወራም። እማዬ ከሞተች ወዲህ ምን ብትለው 'እም' ነው። ደስ ሲለውም 'እም'፣ ሲከፋውም 'እም'። እኔ ደግሞ 'እም' እንዳለ ትቼው ከዚያ ቤት አልወጣም። አንዲት እሺ፣ በአፉ፣ ጥርት ያለች። እሷን ካልሰማሁ ሠርግ የለም።»

«ራሳቸውን ቢነቀንቁስ?»

ቀኝ እግሯ ወለሉን ተጫነ። የሥራ ልማድ ነው፤ ተማሪ ሊያጋጭ ሲል በእሷ በኩል ያለውን ፍሬን ትረግጣለች፤ ሰው የማይረባ ነገር ሲናገርም እንዲሁ። እኔም ነገሩን በዚያው አቆምኩ።

እሑድ ሱፌን ለብሼ፣ ጫማዬን አስወልውዬ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ አክስቷ ናቸው፤ የአባቷ ታናሽ እህት፣ ሁለት የወርቅ ጥርስ፣ አንዱ መነቃነቅ የጀመረ። ወንድማቸው ያስቀሩትን ወሬ ሁሉ እሳቸው ስለሚያወሩ በዚያ ቤት ወሬ ጎደለ አይባልም።

«ግባ ዶክተር፣ ግባ! ካንተ በፊት አንድ ሂሳብ ሠራተኛ መጥቶ ነበር፣ ነግራሃለች? አልነገረችህም? ውይ አፌ! ከሰዓቱን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ግብር ሲያወራለት ዋለ፤ ወንድሜ አንድ ጊዜ 'እም' አለው፤ ሰውየው በዚያው ቀረ። አንተ ብቻ ስለ ግብር እንዳታወራ።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ቱታ የለበሱ የሊፍት ጥገና ሠራተኞች በተከፈተ የሊፍት በር ፊት ተደርድረዋል። መሃል ላይ ያለው ጎልማሳ አፉን ከፍቶ ይስቃል፤ ያንን አፍ ሳይ ደነገጥኩ። የፍንጭቷ ፍንጭት ነው፤ ቁርጥ እሷ።

«እነዚህ ማን ናቸው?»

«ማን ይሁን፣ እሱ ነዋ! ምድር ቤት ሲስቅ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማ ነበር። ሚስቱ ሳቁንም ወሬውንም ይዛበት ሄደች፣ ነፍሷን ይማር» አሉና አክስቷ ወደ ውስጥ መሩኝ።

ሰውየው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚውሉበት ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። በሩን ከፍቼ ልገባ ስል ሆዴ ከጣውላ ጋር ተጋጨ። ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ሰፊ መደርደሪያ በወገብ ቁመት አራቱንም ግድግዳ ዞሮ በሩንም ዘግቶታል፤ ላዩ ላይ የትንሽዬ ባቡር ሐዲድ፣ የጀሶ ኮረብታ፣ ቀለም የተነከረ የሰጋቱራ ሣር። ባቡሩ ክፍሉን ስለሚዞር በሩ ጋ ሲደርስ ለሰው ብሎ አይቆምም። መግቢያው ከሥር ነው። አማች ልሁን ብዬ በሱፌ እየዳኸሁ ገባሁ። ቀና ስል አንድ ረጅም ሰው፣ አጉሊ መነጽር ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከንፈራቸውን በሙሉ በሸፈነ ጢም ሽቅብ ቁልቁል ያዩኛል። ገና በጉልበቴ እንዳለሁ እጄን ዘረጋሁ።

«እም» አሉና ጨበጡኝ።

ተቀመጥኩ። ስለ አየሩ አወራሁ። ስለ መንገድ መጨናነቅ አወራሁ። እሳቸው የሐዲድ ቁራጭ በትንሽዬ ሞረድ እየሞረዱ «እም» ይላሉ። ሻይ መጣ፤ በግራ እጃቸው አፋቸውን ከልለው ጠጡ። ጥርሳቸውን በጭራሽ አላየሁም፤ ጥርሳቸው ውስጥ መግባቴን ግን አልተጠራጠርኩም። ፍንጭቷ ከጣውላው ማዶ ቆማ ታየናለች። እግሯ ፍሬን ላይ ነው።

ወሬ ሲያልቅብኝ ባቡሩን ማየት ጀመርኩ፤ ሳላስበው ተስቤ ገባሁበት። ሐዲዱ የተገዛ አይደለም። እያንዳንዷ የብረት ዘንግ በእጅ ተቆርጣ፣ በእጅ ታጥፋ፣ ከጣት ጥፍር በሚያንሱ አግዳሚዎች ላይ የተበየደች ናት። ባቡሩ ግን አንድ ዙር ብቻ ነው የሚዞረው። ጥግ ላይ ወንበሮቿ ሳይቀሩ የተሠሩላት ውብ ጣቢያ አለች፤ ወደ እሷ የሚወስድ መስመርም አለ፤ መስመሩ ከዋናው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ግን ባዶ ጣውላ ነው። ባቡሩ ጣቢያዋን እያየ ያልፋል።

«እዚህ ጋ ምን ይገባል?» አልኩ።

የመለሱልኝ አክስቷ ናቸው፣ ከኮሪደሩ። «መገንጠያው ነው፣ ዶክተር! ባቡሩ ከዋናው መንገድ የሚታጠፍበት። እሱን ሦስት ጊዜ ጀምሮ ተወው፤ እጁ መንቀጥቀጥ አመጣ፤ አይኑም እንደ ድሮው አይደለም። ምንቃር የሚላት ነገር አለች፣ ሁለቱ ሐዲድ ተገናኝቶ የሚሾልበት፤ እሷ እንቢ አለችው።»

ምንቃር የተባለችውን አባቷ በግማሽ የቀረ ሥራ ላይ አሳዩኝ። ከሩዝ ፍሬ ትበልጣለች። እኔ ከዚያ ባነሰ ነገር ነው እንጀራዬን የምበላው።

«እኔ ልሥራልዎት?» አልኩ፤ ልቤ እንደ ማንም ጎረምሳ ያብጣል።

አባቷ ሞረዱን አስቀመጡ። ጣቶቼን አዩ፤ ፊቴን ሳይሆን ጣቶቼን። ከዚያ መሳቢያ ከፍተው በቆርቆሮ ሳጥን የታሸገ ነገር ሰጡኝ፦ በእርሳስ የተሳለ ንድፍ፣ የሐዲድ ዘንጎች፣ ላያቸው በመዳብ የተለበጠ ቀጫጭን አግዳሚዎች፣ ሁለቱ ሐዲዶች እኩል ተራርቀው እንዲቆሙ የምትይዝ የነሐስ መለኪያ።

«እም» አሉ። ይህኛው «እም» ትንሽ ረዘም ያለ መሰለኝ።

ስንወጣ ፍንጭቷ ክንዴን ያዘችኝ። «ምን አስገባህ? ሂሳብ ሠራተኛው እኮ ቢያንስ ምንም አልሰበረም።»

«እኔ ነኝ እኮ! ጥርስ የሚያህል ነገር የምሠራ ሰው ሐዲድ ያቅተኛል?»

ወለሉን ረገጠችው።

ንድፉን ሥራ ቦታዬ ላይ ለጠፍኩት። አግዳሚዎቹን በንድፉ ላይ ደረደርኩ፤ ሐዲዱን ሞርጄ አሾልኩ፤ ሁለቱን ዘንጎች ምንቃሯ ላይ አገናኝቼ በየድኩ። ወዲያና ወዲህ የሚሉትን ሁለት ምላሶች፣ ባቡሩን ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ የሚልኩትን፣ እንደ ወረቀት አሳሳኋቸው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰም የምቀርጽበት ቢላዬ፣ ጥርስ የምወለውልበት ብሩሼ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ሠራ። አንድ ነገር ብቻ አሳዘነኝ። አግዳሚዎቹ በሙሉ መሃላቸው ላይ ያለው መዳብ ፀጉር በምታክል ስንጥቅ ተቆርጧል። ንድፉም ላይ ምንቃሯ አጠገብ ሐዲዱን የሚያቋርጡ አጫጭር የእርሳስ ጭረቶች አሉ። አይ እርጅና! አልኩ። መጋዙ እያመለጣቸው ነው፤ እርሳሱም እየተንቀጠቀጠባቸው። አንጀቴን በሉት። ስለዚህ እያንዳንዷን ስንጥቅ በስታኞ፣ በዚያ በሚበየድበት ቀላጭ ብረት፣ ደፈንኩ፤ በመበየጃው አሟሙቼ፣ አንጠፍጥፌ፣ ወልውዬ፣ ጥፍር ቢሄድባት እንዳታደናቅፍ አደረግኩ። ጭረቶቹንም እንዳላየ አለፍኩ። ስጨርስ ብርሃን ላይ አንስቼ አየሁት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ክፍተት የለውም።

ሐኪሙ፣ እውነተኛው ዶክተር፣ በትከሻዬ በኩል አይቶ «የየትኛው በሽተኛ ነው?» አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ መገንጠያዬን በጥጥ ጠቅልዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ስድኽ አላፈርኩም። አባቷ መነጽራቸውን አውርደው ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩት። ምላሶቹን በጣታቸው ገፋ አደረጉ፤ ቅንድባቸው ከፍ አለ። ምንቃሯን አዩ፤ ቅንድባቸው ሌላ ደረጃ ወጣ። ለጊዜው ሌላውን አላዩም፤ ዓይናቸው ተማርኮ ነበር። ፍንጭቷን ጠቀስኳት። አክስቷ ለትዕይንቱ በርጩማ ይዘው መጥተው ከጣውላው ማዶ ተሰየሙ።

መገንጠያው ቦታው ላይ ልክክ አለ። አባቷ ሽቦዎቹን አገናኙ፣ ባቡሩን አስነሡ። ማለቴ ኮረንቲ የሚሰጠውን ሳጥን ማዞሪያ አዞሩት። ሳጥኑ «ጢጥ» አለ፤ ትንሿ ቀይ መብራት ጠፋች፤ ባቡሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«መብራት ሄደ?» አሉ አክስቷ።

መብራትማ ከኮርኒሱ ላይ ቦግ ብሎ ይታያል። አባቷ መገንጠያውን አነሡት፤ ባቡሩ ሄደ። መለሱት፤ ጢጥ። አነሡት፤ ሄደ። መለሱት፤ ጢጥ። ባቡሩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጣቱን እየቀሰረ የሚናገር ይመስል ነበር። አመዴ ቡን አለ። ፍንጭቷ በሁለቱም እግሯ ፍሬን ይዛለች።

«ምናልባት ሳጥኑ ይሆናል» አልኩ።

አባቷ አጉሊ መነጽራቸውን ወደ መገንጠያው አስጠጉ። አግዳሚዎቹን በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ንድፋቸውን አነሡ፤ ጭረቶቹን አዩ፤ ሥራዬን አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቆጡ አልኩ በልቤ፤ አለቀልኝ፤ ሠርጉ እዚህ ጣውላ ላይ ቀረ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከሆዳቸው የሆነ ነገር ወደ ላይ እየመጣ ነው፤ አፋቸውን በእጃቸው ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሳቁ!

እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ክፍሉ ተናወጠ። በዚያ ሳቅ መሃል ከአፋቸው አንድ ነገር ተስፈንጥሮ በአየር ላይ ተገለበጠና ጣቢያዋ ደጃፍ፣ ልክ ሐዲዱ መሃል፣ ከመስመር እንደ ወጣ ፉርጎ በአፍጢሙ ተደፋ። የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ነው፤ ሙሉው።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሰውየው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጀርባቸው ብቻ ይታየናል። ያ ጀርባ እንዴት እንዳሳዘነኝ መናገር አልችልም።

«ወይ ጉዴ!» አሉ አክስቷ ቀስ ብለው። ፍንጭቷ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

ጨዋ ሰው ቢሆን እንዳላየ ይሆን ነበር። እኔ ግን ጥርስ ወድቆ አይቼ ማለፍ አልችልም። አነሣሁት። ገለበጥኩት። ከዚያ፣ ለምን እንደሄድኩ፣ ማን ቤት እንዳለሁ፣ ምን ልለምን እንደመጣሁ ሁሉ ረሳሁና ደሜ ፈላ።

«ይሄን የሠራው ማነው?» ብዬ ጮኽኩ። «ይሄ ጥርስ ነው? አጥር ነው እንጂ! ድዱን አይነካ፣ ከፊት ወፍሮ ምላስ መሄጃ አጥቶ! በዚህ ሰው እንዴት ያወራል? በዚህ እኮ ይፏጫል እንጂ አይወራም!»

አባቷ ቀስ ብለው ዞሩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አለቅልቀው ፊታቸውን አዙረው አስገቡት፤ ከዚያ አፋቸውን በመዳፋቸው ከልለው ከእኔ ጋር የመጀመሪያውን ወሬ አወሩ።

«የሠራው ሰው» አሉ፤ «ሰ» የምትለዋ ፊደል ላይ ቀጭን ፉጨት ወጣች። «የሠራው ሰው ልክ እንዳንተ ነው። ክፍተት አይወድም።»

ፍንጭቷ ከጣውላው ሥር እየዳኸች መጣች። «አባዬ! ጥርሱ ደህና ነው አላልከኝም? ስጠይቅህ 'እም' አላልክም?»

«እም ደህና ማለት አይደለም።» ፉጨት። «እናትሽ በሞተች ሰሞን ያስገባሁት ነው፤ ላወራ ስል ያፏጫል። ስስቅ ይወድቃል። ሊፍት ውስጥ አንድ ጊዜ ወደቀብኝ፣ ሰው ፊት። ከዚያ ዝም አልኩ።»

«እኔ ደግሞ በሐዘን ነው ብዬ!» አሉ አክስቷ ከበርጩማቸው ተነሥተው። «ስንት ጊዜ ስወቅሳት ኖርኩ እኮ ያቺን ምስኪን፣ አፉን ይዛበት ሄደች እያልኩ!»

«ለእሷማ አዝኛለሁ» አሉ አባቷ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነው። «አሁንም አዝናለሁ። ግን ሐዘን አያስፏጭም።»

ያን ጊዜ ፍንጭቷ እየሳቀች አለቀሰች፣ ወይም እያለቀሰች ሳቀች፤ አልለየሁትም። አባቷ እንባዋን ሲያዩ ግራ ገባቸው መሰለኝ ወደ ሥራቸው ዞሩ። ከመሳቢያ ቀጭን መጋዝ አውጥተው ያንን የወለወልኩትን አግዳሚ መሃሉ ላይ ገዘገዙት። ልቤ አብሮ ተገዘገዘ። አንዱን ከፍተው መጋዙን ለእኔ አቀበሉኝ።

«ኮረንቲው በዚህኛው ሐዲድ ይገባል፣ በዚያኛው ይወጣል» አሉ፣ መዳፋቸው አፋቸው ላይ እንዳለ። «ሁለቱ በመሃል ከተነካኩ ኮንታክት ነው፤ ባቡሩ ጋ ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል። የቆረጥኩት ለዚህ ነው። አንተ ደፈንከው። ያውም እንዴት አድርገህ!» ትከሻቸው እንደገና ሊንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥርሳቸውን በጣታቸው ደግፈው ያዙት።

እኔም ኩም ብዬ ሁሉንም ከፈትኳቸው፣ አንድ በአንድ፤ ምንቃሯም አጠገብ ጭረቶቹ ባሉበት ሐዲዱን ቆረጥኩ። የራስን ሥራ በራስ እጅ መቁረጥ እንዴት ይመራል! ማዞሪያው ዞረ። ባቡሩ መጣ፤ ምላሶቹ ላይ ሲደርስ ታጠፈ፣ ክፍተቶቹ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ አለፈና ጣቢያዋ ገባ። አክስቷ አጨበጨቡ።

«አባባ» አልኩ፤ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ጥርሱን እኔ ልሥራልዎት።»

ጣቶቼን እንደገና አዩ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለች አንዲት ስስ የብረት ቅጠል አወረዱ። የሊፍት በር ተገጣጥሞ እንደሆነ የሚለኩባት ናት፤ በሥራ ዘመናቸው ከኪሳቸው አትለይም ነበር።

«ሁለቱም እጄ በሥራ ሲያዝ ይቺን የማስቀምጣት እዚህ ነበር» አሉና በጣታቸው ወደ ፊት ጥርሶቻቸው መሃል አመለከቱ። «ልክክ ትላለች። ይሄን ያህል ነው። የዚያን ጊዜው ሰው እንዲተውልኝ ብነግረው ሳቀብኝ።»

ብረቷን መሐረብ ውስጥ ጠቅልዬ ወሰድኩ።

ሐኪሙ ልካቸውን ወሰደ፤ የቀረው የእኔ ነው። ብዙ ሰዎች ክፍተት መተው ቀላል ይመስላቸዋል። ይምጡና ይሞክሩት! እጄ ሳላዘው ሊደፍናት ይሄዳል፤ እመልሰዋለሁ፤ እንደገና ይሄዳል። በመጨረሻ ያቺን የብረት ቅጠል በሰሙ ላይ በሁለቱ ጥርሶች መሃል አቁሜ፣ ሌሎቹን ጥርሶች ከእሷ ጀምሬ ደረደርኩ። ከምላስ በኩል ያለውን አሳሳሁ፤ እነዚያን ቀጫጭን የባቡር ምላሶች ያሳሳው እጅ ነው። ሥራው አልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያየው ሐኪሙ መለሰልኝ።

«እዚህ ጋ ክፍተት ቀርቶብሃል።»

«አልቀረብኝም» አልኩት። «ያለሱ ባቡሩ አይሄድም።»

ምን ነካው ብሎ ነው መሰለኝ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ሐኪሙ ጥርሱን ሲገጥምላቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መስተዋት ሰጠኋቸው። አዩ። ጢማቸውን ከፍ አድርገው አዩ። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። መስተዋቱን መለሱልኝና «እም» ብለው ወጡ። በቁሜ ቀለጥኩ። እስከ እሑድ ድረስ እህል የሚባል ነገር በደህና አልበላሁም፤ ለፍንጭቷ ስደውል «ምንም አላለም» ትለኛለች፤ «ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚውለው። አክስቴ ግን በሩ ሥር ጆሮዋን ጥላ፣ የሆነ ነገር ያጉተመትማል ትላለች።»

እሑድ ስደርስ አክስቷ ከበር ጀምረው ዝም ብለዋል። ይህ አስፈራኝ። እየዳኸሁ ገባሁ፤ ፍንጭቷ ቀድማኝ ገብታለች። አባቷ ጎንበስ ብለው የእኔን መገንጠያ በሚስማር እያጠበቁ ነው፤ በአንድ እጃቸው መዶሻ፣ በሌላው ፒንሳ። ያቺ የብረት ቅጠል የት እንደነበረች ልንገራችሁ፤ በፊት ጥርሶቻቸው መሃል፣ ልክክ ብላ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ፍንጭቷ አየቻት።

«አባዬ፣ ይሄን ሰውዬ ላግባው?»

አባቷ በፒንሳው ቆዩ አሉን። አንድ ሚስማር መቱ። ሌላ መቱ። ምላሱን ወዲያና ወዲህ አድርገው ሞከሩት። መዶሻውን አስቀመጡ፣ ፒንሳውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በቱታቸው ጠረጉ፤ ከዚያ ብረቷን ከጥርሳቸው መዝዘው ኪሳቸው ከተቱና ቀና አሉ።

«እሺ» አሉ።

ጥርት ያለች እሺ ናት። ፉጨት የለባትም። ራሳቸውም ያደመጧት መሰለኝ፤ አዲስ ቁልፍ እንደሚሞክር ሰው ደጋገሟት። «እሺ። እሺ። ሰማሽ? እሺ!»

ፍንጭቷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«ይሄንንማ ያን ቀን በዚያ ሱፉ እየዳኸ ሲገባ ልለው ነበር» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ወሬ መውረድ ጀመረ። «ሂሳብ ሠራተኛውን ከበር ነው የመለስኩት፤ ሱሪው እንዳይቆሽሽ ከሥር አልገባም አለኛ! አንተ ግን ገባህ። ወዲያው 'እሺ' ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን እሺ ማለት በዚያ ጥርስ አይቻልም፤ ሺዋ ታፏጫለች። ሰው ልጁን ሲድር ያፏጫል እንዴ? የልጄ እሺ በፉጨት አትሰጥም ብዬ ዝም አልኩ። ሰሞኑን በሬን ዘግቼ ስለማመዳት ነው የከረምኩት። አንተም እኮ ጉደኛ ነህ! ለገዛ ሠርግህ መንገዱን በስታኞ ደፍነህ መጣህ!»

ይህን ብለው ሳቁ። አፋቸውን አልከለሉም። ጥርሱም አልወደቀም፤ እኔ በበኩሌ ሁለቱንም እጄን ከሥር ዘርግቼ ነበር፣ ለማንኛውም ብዬ። አክስቷ ኮሪደሩ ላይ «መጣ! መጣ! የድሮው ሳቅ መጣ!» እያሉ፣ ጎረቤት እንዲሰማ መስኮቱን ይከፍታሉ። ፍንጭቷም ከአባቷ ትከሻ ሥር ሆና ሳቀች። እኔ አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ፣ አለቀስኩ። ባቡሩ ጣቢያዋ ደጃፍ ቆሟል። አባትና ልጅ ጎን ለጎን አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ ሁለቱን ፍንጭቶች አየኋቸው፤ አንድ ልክ፣ አንድ ቅርጽ። አንደኛዋ የእኔ ሥራ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ካልነገርኩት በስተቀር ሰው አይለይም።